ውክልና ሰጥቻለሁ ማለት ኑዛዜ አለኝ ማለት አይደለም

ይህን ከባሕር ዳር ሆኜ የምጽፈው በቅርቡ ከዚህ ወጥታችሁ አሜሪካ ለገባችሁ ነው። ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት የሚነግራችሁ አታጡም። የኑዛዜንና የወላጅ እርጅናን ነገር ግን ማንም አያነሳላችሁም፤ ያነሳ ሰው "ምን ያሟርትብናል" ይባላላ። ግድ የለም፣ ዛሬ እኔ ላሟርት።

መጀመሪያ እዚህ ትታችሁት ስለሄዳችሁት ንብረት። ሽምብጥ ወይም ዓባይ ማዶ በስማችሁ ካርታ ያለው ቤት ካላችሁ፣ ስትወጡ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ሰጥታችሁ ይሆናል። ጥሩ አድርጋችኋል። ግን ብዙ ሰው በዚያው ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ ወካዩ በሕግ ፊት ችሎታ ሲያጣም እንደዚያው። ስለዚህ ቤተሰቡ ወረቀቱን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ወረቀቱ ሥራ የለውም ማለት ነው። ደግሞ "ማናቸውንም ጉዳዬን ይፈጽምልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፣ መሸጥ የሚለው ተለይቶ መጻፍ አለበት። እና እባካችሁ፣ የምትፈልጉት ማከራየት ብቻ ከሆነ ማከራየት ብቻ ይጻፍ፤ ወንድም ቢሆንም። ውክልናውን ሳትሰጡ ከወጣችሁ በኤምባሲ በኩል ይሠራል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ጊዜ ይወስዳል፣ ቀድማችሁ ጀምሩት።

ኑዛዜ ሌላ ነገር ነው። ተወካይ በእናንተ ስም ሊናዘዝ አይችልም። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጻፉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እንዲፈረም ይፈልጋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በራስ እጅ ጽሑፍ ብቻ የሚደረግም አለ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ እጅ መሆን አለበት።

ካልተናዘዛችሁስ? እዚህ ላይ ብዙዎች ይደነግጣሉ። በእኛ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ድርሻዋን ትወስዳለች፣ የሟች ግማሽ ግን ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል፤ ልጅ ከሌለ ለእናትና አባቱ። ልጅ ያልወለዳችሁ ጥንዶች ይህችን ደጋግማችሁ አንብቧት። የዘጌ ቡና ያለበት የቤተሰብ መሬትን የመሰለ የገጠር ይዞታ ደግሞ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የሚታይ ነው፤ መሬት አይሸጥም፣ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። ከከተማ ቤት ጋር አትደባልቁት።

አሁን ወደ እናንተ ሰፈር። አሜሪካ ያለ ኑዛዜ ለሞተ ሰው ውርሱን የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ነው፤ የሜሪላንዱ ከቴክሳሱ ይለያል። ልጆች ካሏችሁ ግን ኑዛዜ የምትጽፉበት ትልቁ ምክንያት ንብረት አይደለም፣ ሁለታችሁም ብትታጡ ልጆቹን ማን ያሳድግ የሚለው ነው። ካልጻፋችሁ ዳኛ ይመርጣል። ባሕር ዳር ያለችውን አያት ልትጽፉ ትችላላችሁ፣ ግን ቪዛ እስኪገኝ ልጆቹ የት ይደሩ? ቅርብ ያለ ሰውም ጨምሩ።

የሕይወት ኢንሹራንስና ፎር ኦ ዋን ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) በኑዛዜ አይሄዱም፣ በአብዛኛው ቅጹ ላይ በሞላችሁት ስም ነው የሚሄዱት። ሥራ በጀመራችሁበት ቀን እየተጣደፋችሁ የሞላችሁትን ቅጽ አውጥታችሁ እዩት። ከዚያ ሁለት ወረቀቶች አሠሩ፤ አንዱ መናገር ባትችሉ ስለ ሕክምናችሁ የሚወስነውን ሰው የሚሾም፣ ሌላው ዱረብል ፓወር ኦፍ አተርኒ የሚባለው፣ አእምሮ ቢዝል እንኳን የሚቀጥለው ውክልና ነው። እሱም ቢሆን በሞት ያበቃል።

አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ኑዛዜዎች ብዙ ጊዜ "ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ሁሉ ሽሬያለሁ" የሚል መስመር አላቸው። ለባሕር ዳሩ ቤት በአማርኛ የተለየ ኑዛዜ ካላችሁ ለጠበቃው ካልነገራችሁት ይቺ መስመር ጠራርጋ ልትወስደው ትችላለች።

ወላጅ ያመጣችሁ ወይም ልታመጡ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን 65 ዓመት ስለሞላ ብቻ አይገኝም። የሆስፒታል ወጪን የሚሸፍነው ክፍል በነጻ የሚሰጠው ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው ለ10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈሉ ለሠሩ ነው፤ ላልሠሩት ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት ሳያቋርጡ መኖር፣ ከዚያም ወርሃዊ ክፍያ መክፈል አለ። ሜዲኬድም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ለአብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ የ5 ዓመት መጠበቂያ አለው፣ አንዳንድ ስቴት ይለያል። እስከዚያ ኢንሹራንሱን እናንተ አስቡበት። እናቶች አፓርታማ ሲሰለቻቸው "ጥምቀትን ባሕር ዳር ላክብር" ብለው ይሄዱና እዚያው ይቀራሉ፤ የመመለሻ ፈቃድ ሳይወጣ ከዓመት በላይ ከቆዩ ግሪን ካርዱ አደጋ ላይ ነው።

ሜዲኬድ የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) ወጪ እንዲሸፍን ሲጠየቅ በአብዛኛው ያለፉትን 5 ዓመታት ስጦታ ይመረምራል። እማማ ባለፈው ዓመት ቤታቸውን በልጃቸው ስም ካዞሩ ይቆጠርባቸዋል፣ ባሕር ዳር ያለውም ቤት ቢሆን ንብረት ነው፣ አትደብቁት። ቤት ስለማዛወር ከማሰባችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ እንጂ ኋላ አይደለም።

የቀብርን ነገር ኑዛዜ ውስጥ ብቻ አትቅበሩት፣ ኑዛዜው የሚነበበው ከቀብር በኋላ ሊሆን ይችላል። እዚያ ወይስ አገር ቤት የሚለውን ለብቻው ጽፋችሁ ለቤተሰብ ስጡ፤ የምትገቡበት እድር አስከሬን ለመላክ ምን ያህል እንደሚሸፍንም ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ ኖተሪ ጠበቃ አይደለም። ፊርማ ያረጋግጣል፣ ሕግ አይመክርም። ቡና ቤት ቁጭ ብሎ በ100 ዶላር ኑዛዜ የሚሞላ የአገር ልጅ ካጋጠማችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ተነሱ። ዕድሜያቸው 60 ለደረሰ ወላጆች በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ነጻ የሕግ አገልግሎት አለ፤ የአካባቢያችሁን የአረጋውያን ቢሮ ጠይቁ፣ አስተርጓሚም እንዲመደብላችሁ ንገሯቸው።