ዓሳዎቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲንሳፈፉ ምን ይደረጋል

ኩሬ ውስጥ ዓሳ የምታረቡ፣ ሊነጋጋ ሲል ዓሳው ሁሉ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ካያችሁ ርቦት እንዳይመስላችሁ። እኔ መስሎኝ ምግብ በተንኩላቸው፣ አንዱም ዞር ብሎ አላየው። ኦክስጅን አጥሯቸው ነበር። ስንጥባቸውን (ጭንቅላታቸው ጎን ያለውን መተንፈሻ) ብታዩት ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል፣ ውሃ የሚገባበት ቦታ ካለ ደግሞ እዛች ጋ ተጨናንቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ለምን ንጋት ላይ? ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ (እንደ ተክል በፀሐይ የሚኖር ጥቃቅን ነገር) ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ማታ ግን እሱም እንደ ዓሳው ይተነፍሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉም ተጠቃሚ ነው አምራች የለም፣ ስለዚህ ኦክስጅኑን ከሰዓት ለክታችሁ "ደህና ነው" ብትሉ ምንም አይጠቅማችሁም። ውሃ እኮ ድሮም ብዙ አይዝም፣ 20 ዲግሪ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ፣ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። መለኪያ ካላችሁ ከ5 በላይ ደህና ነው፣ ወደ 2 ከተጠጋ ግን አብዛኛው ዓሳ አይችለውም።

መጀመሪያ ምግብ አቁሙ፣ መፍጨት ራሱ ኦክስጅን ይበላል፣ የተረፈው ደግሞ ሲበሰብስ ባክቴሪያው ይወስደዋል። ከዛ ውሃውን ከላይ በጥብጡት፣ ፓምፕ ካለ ወደ ላይ እንዲረጭ አድርጉት፣ ከሌለ በባልዲ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፣ አየር የሚገባው በላዩ በኩል ነው። የታችኛውን ጭቃ ግን እንዳትነኩ፣ እዛ ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም። የጉድጓድ ውሃ ስትጨምሩም ዝም ብላችሁ በቱቦ አትልቀቁት፣ ከመሬት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ኦክስጅኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከላይ እየተረጨ ይውደቅ።

ትልልቆቹ ሞተው ትንንሾቹ ከተረፉ ደግሞ ተመረዙ ብላችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ኦክስጅኑን ጠርጥሩ፣ ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው። የተረፉትም ቀኑን አታንገላቷቸው፣ ኦክስጅን ሲያጣ ጡንቻቸው ላክቲክ አሲድ ያጠራቅማል፣ እስኪወጣላቸው ደካማ ናቸው።

ለወደፊቱ፣ እጃችሁን እስከ ክርን ንከሩ፣ ውሃው ገና ክርናችሁ ጋ ሳይደርስ መዳፋችሁ ከጠፋባችሁ አልጌው በዝቷል፣ ማዳበሪያና ምግብ ቀንሱ (አሜሪካ ውስጥ በሚሲሲፒ ወንዝ የሚወርደው ማዳበሪያ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን በየበጋው የሚያፍነውም በዚሁ መንገድ ነው)። ደመናማ ቀን ከተደራረበ ወይም አረንጓዴው ውሃ ድንገት ቡናማ ከሆነ (አልጌው እየሞተ ነው ማለት ነው)፣ ፓምፑን ማታውኑ አስነሱት።