አንባቢው «ሸወድከኝ» ሲልህ

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን የጓደኞቻችንን የልብ ወለድ ረቂቅ ስናነብ አንድ ብልሽት ደጋግሞ ይገጥመናል። የገጸ ባሕሪው የትናንት ሕይወት ወይ ቀድሞ ይዘረገፋል፣ ወይ ያላግባብ ይደበቃል።

ምልክት፦ አንባቢው ገጽ 3 ላይ ስልኩን ያወጣል።

ምክንያት፦ ሰውየው ገና አዘዞ ባጃጅ ሳይሳፈር ልጅነቱም፣ ትምህርቱም፣ የአባቱ ሞትም ተተርኳል። አንባቢው ምንም አልጠየቀም እኮ!

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ይጠይቅ። «ልጅ እያለ ሲሰርቅ ተይዞ ስለተገረፈ ገበያ ይፈራል» አትበለን። ከሥራ ሲመለስ ቅዳሜ ገበያን በሩቁ ዞሮ፣ አርፍዶ ቤቱ ሲገባ አሳየን። ሚስቱ ሽንኩርቱን ራሷ ገዝታዋለች፤ ምንም አትለውም። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን 20 ገጽ ብታቆየው ማንም አይቆጣህም።

ምልክት፦ «ሸወድከኝ!» የባሰው ይሄ ነው።

ምክንያት፦ በ«እኔ» የሚተርክ ሰው የልቡን ሁሉ ሲያጫውተን ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ ለካ ወንድሙን የገደለው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ገጽ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አይለውም? የደበቀው ደራሲው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

መፍትሄ፦ ወይ ከውጭ ሆነህ ተርክ፤ በጎረቤት ወይም በልጁ ዓይን። ወይ ትዝ ይበለውና ይሽሽ። የወንድሙ ስም ሲነሳ ወሬ ይቀይር፤ ስኳሩን ሦስቴ ይጨምር። ወይ ደግሞ ጭራሹን አትደብቅ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ መሆኑን ቀድመው ነግረውናል። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የምንጨነቀው ስለምናውቅ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ይህን ሦስተኛውን ነው።

ምልክት፦ እህትና ወንድም «እንደምታውቂው እናታችን ከሞተች 10 ዓመት ሆናት» ይባባላሉ።

እንዲህ የሚያወራ ሰው የት አለ? ሁለቱም የሚያውቁትን የሚነጋገሩት ለአንተ ብለው ነው። የማያውቅ ሰው አምጣባቸው። እኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ «የማን ልጅ ነው?» ይባል የለ፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌው እየቆጠሩ አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ትንሽ ሳል ይላሉ። የልጅቷ አባት የጠላ ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው ያስቀምጣሉ። ያቺን ቅጽበት ጻፍ። የባለስሙ ሰውዬ ታሪክ ለሚቀጥለው ምዕራፍ ይደርሳል።