ከውስጥ ወደ ውጭ፦ የ1885 የቪክቶሪያ ጉርድ እና የስቲምፓንክ ልብስ ቤት ውስጥ ለመስፋት

የቪክቶሪያ ዘመን ልብስም ሆነ ከእሱ የተነሣው ስቲምፓንክ (የእንፋሎት ዘመንን በምናብ የሚያስቀጥል አለባበስ) ቅርጹን የሚያገኘው ከላይ ከሚታየው ጨርቅ ሳይሆን ከስር ከሚለበሰው ነው። ውድ ከፋይ ተገዝቶ ያለ ውስጥ ደጋፊ የተሰፋ ጉርድ ከኋላ ወርዶ ይንጠለጠላል። በአንጻሩ ተራ የመጋረጃ ጨርቅ ከስሩ የሚገባው ነገር ካለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ገንዘቡንም ጊዜውንም መጀመሪያ ለማይታየው ይመድቡ።

ጨርቅ ከመግዛትዎ በፊት ዓመቱን ይወስኑ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የብሪታንያ ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ነግሣለች፤ በእነዚያ ወደ 64 በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ የልብሱ ቅርጽ ደጋግሞ ተለዋውጧል። ከ1856 በኋላ ጉርዱ በብረት ቀለበቶች ተወጥሮ እንደ ደወል ክብ ሆነ፤ ክሪኖሊን የሚባለው ይህ ነው። ከ1869 ገደማ ጀምሮ ስፋቱ ወደ ኋላ ሄደና ባስል የሚባለው የኋላ ማንሻ መጣ። ወደ 1877 አካባቢ ጉርዱ እግር ላይ ተጣበቀ፤ በ1883 ገደማ ባስሉ እንደ መደርደሪያ ጠፍጣፋ ሆኖ ተመለሰ፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስፋቱ ወደ እጅጌው ወጣ። የ1860 ክሪኖሊን ላይ የ1895 እጅጌ ሲደረግ አለባበሱ ለምን እንደማያምር ለባሿ ራሷ አይገባትም፤ የሁለት ዘመን ቅርጾች እርስ በርስ እየተጣሉ ነው። እዚህ የምንሰፋው የ1885ን ነው። ጉርዱ ራሱ ቀላልና ብዙ ጨርቅ የማይፈጅ፣ ውበቱም ከኋላ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል።

ኮርሴት (በገመድ የሚታሰር፣ ወገብ የሚያጠብቅ የውስጥ ልብስ) የሚለብሱ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይለካ። ኮርሴት ወገብን ከማጥበቡም በላይ ጡትን ከፍ ያደርጋል፣ ጀርባን ያቀናል። በባዶ ሰውነት የተለካ የላይኛው ክፍል ኮርሴቱ ሲታሰር ብብት ስር ይጨማደዳል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ኮርሴት አያስፈልግም፤ ባስሉና ጉርዱ ያለ እሱም ይሠራሉ።

ባስሉ

የሚያስፈልገው ጠንካራ ጥጥ (ወፍራም ካኪ ይሆናል) 1 ሜትር፣ 9 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ረጅም የፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ 10 ፍሬ፣ 5 ሜትር ጥብጣብ፣ ገመድ እና ጥቂት የብረት ቀለበት ነው።

70 ሴንቲሜትር ስፋትና 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ይቁረጡ። ከላይኛው ጠርዝ በ20፣ 29፣ 38፣ 47 እና 56 ሴንቲሜትር ላይ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ አግድም ሰፍተው እንደ ቀበቶ መግቢያ ክፍት ይተዉት። የኬብል ማሰሪያውን ሁለት ሁለቱን በፕላስተር አጣብቀው፣ ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ ጫፉን በእሳት አለስልሰው ያስገቡ። አንድ ብቻውን ከሆነ በጉርዱ ክብደት ይጎብጣል፤ ጫፉ ካልለሰለሰ ደግሞ ከአንድ ቀን ልብስ በኋላ ጨርቁን ቀዶ ይወጣል።

ቅርጹን የሚሰጠው የሚቀጥለው ነው። በግራና በቀኝ 20 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 45 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት የውስጥ ክንፎች ይሰፉ፤ ጫፋቸው ላይ ቀለበት ደርድረው እንደ ጫማ በገመድ አንድ ላይ ይቋጥሯቸው። ክንፎቹ ሲሳቡ 70 ሴንቲሜትሩ ጨርቅ ወደ 40 ሴንቲሜትር ይጠጋና ፕላስቲኩ ወደ ኋላ ይቀሰራል፤ ከሰውነት ወደ 24 ሴንቲሜትር ይርቃል። ያነሰ ከፈለጉ ገመዱን ያላሉ። የላይኛውን ጠርዝ ወደ 30 ሴንቲሜትር ሸብሽበው በወገብ ማሰሪያ ይያዙት።

ባስሉ ላይ የውስጥ ጉርድ የግድ ነው። ያለ እሱ እያንዳንዱ ፕላስቲክ እንደ ጎድን አጥንት ከላይ ይታያል። 3 ሜትር አቡጀዲ ይበቃል፤ የኋላው ላይ ሦስት ረድፍ ሽብሽብ ይጨምሩ።

ጉርዱ

የምሳሌው ልኬት ወገብ 72፣ ከወገብ እስከ ወለል የፊት ርዝመት 104 ሴንቲሜትር ነው። 150 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ 6 ሜትር ይግዙ፤ ለዋናው ጉርድ 2.5፣ ከታች ለሚደረገው ሽንሽን 1፣ ለፊት መደረቢያ 1፣ ለኋላ መደረቢያ 1፣ የቀረው ግማሽ ለስህተት። ለገበር ቀላል ጥጥ 2.5 ሜትር። ሁሉንም አስቀድመው ይጠቡ፤ ጥጥ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ይሰበሰባል።

ዋናው ጉርድ አራት ቁራጭ አለው። ፊተኛው ከላይ 24፣ ከታች 60፤ ሁለቱ የጎን ቁራጮች እያንዳንዳቸው ከላይ 15፣ ከታች 44፤ የኋላው ቀጥ ያለ 90 ሴንቲሜትር። በየዙሪያው 1.5 ሴንቲሜትር የስፌት ትርፍ ይጨምሩ። ፊቱ ተሰፍቶ ሲያልቅ 100 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የኋላው ግን በባስሉ ላይ ስለሚወጣ 9 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ይህንን በግምት አይቁረጡ፤ ባስሉና የውስጥ ጉርዱ ተለብሶ፣ ጫማው ተደርጎ፣ በሜትር ከወገብ በባስሉ ላይ አሳልፈው እስከ ወለል ይለኩና 4 ይቀንሱ። ጫማ ሳይደረግ የተለካ ጉርድ ሁልጊዜ ያጥራል።

የጎን ቁራጮቹ አንድ ጎናቸው በድሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ሰያፍ ነው። ቀጥተኛው ወደ ፊት፣ ሰያፉ ወደ ኋላ ይሁን። ሰያፍ ከሰያፍ ጋር ከተሰፋ ስፌቱ በጊዜ ብዛት ይለጠጥና ጉርዱ በጎን ወርዶ ይቀራል። የዚያ ዘመን ሰፊዎች ይህን አጥብቀው ይጠብቁት ነበር፤ ዛሬም ምክንያቱ አልተለወጠም።

ገበሩን ለብቻው ሰፍተው ውስጥ አይንጠልጥሉት። እያንዳንዱን የገበር ቁራጭ ከላይኛው ጨርቅ ቁራጭ ጀርባ አንጥፈው፣ ዙሪያውን በእጅ ወስውሰው፣ ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ይስፉ። ቀጭን ጨርቅ አካል የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ በኋላ ሲቀመቅሙም የእጅ ስፌቱ ገበሩን ብቻ ስለሚይዝ ከውጭ አይታይም። ሲወሰውሱ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጥፎ ይተኛ፤ ጭን ላይ ከሠሩት ገበሩ ያንሳል፣ ላዩም ያብጣል።

የጎንና የፊት ቁራጮች ተገጣጥመው 54 ሴንቲሜትር ይሞላሉ፤ የኋላው 90 ሴንቲሜትር በቀሪው 18 ላይ ይሰብሰብ። በመኪና አንድ መስመር ብቻ ሰፍተው ከሳቡት ክሩ ይበጠሳል፤ በ6 ሚሊሜትር ልዩነት ሁለት መስመር በጠንካራ ክር በእጅ ይስፉና አንድ ላይ ይሳቡ። መክፈቻውን 25 ሴንቲሜትር አድርገው በግራ ጎን ከኋላው ቁራጭ ጋር በሚገናኝበት ስፌት ላይ ይተዉ፤ ሽብሽቡ ይደብቀዋል። በቀኙ ስፌት ኪስ ይግባ።

ከመቀምቀምዎ በፊት ጉርዱ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ይደር። ሰያፉ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ነገ ከሚያስቀይም ዛሬ ይውረድ። ከዚያ ለባሿ ላይ አስተካክለው ከወለል 4 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይቀምቅሙ።

ለሽንሽኑ የታችኛው ዙሪያ 238 ሴንቲሜትር ነው፤ ሽንሽን ሦስት እጥፍ ይበላል፣ ስለዚህ 714። 18 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ቁራጮችን ቀጥለው፣ ታችኛውን ጠርዝ ቀድመው ቀምቅመው፣ በ3 ሴንቲሜትር ካርቶን እየለኩ እጥፋት ይሥሩ። ወደ 79 እጥፋት ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ከሩቅ ሲታይ የ1880ዎቹን መልክ የሚሰጠው ይህ ነው። እጥፉ እንዲጸና አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው ጨርቅ ነክረው፣ በላዩ ላይ ካውያውን ጫን አድርገው ይያዙ፤ ካውያው ከተነሣ በኋላ እጥፉ ሳይቀዘቅዝ አያንቀሳቅሱት። ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ይሞክሩ።

የፊት መደረቢያው ከላይ 54፣ ከታች 110፣ ርዝመቱ 95 ነው። ከወገብ 12 ሴንቲሜትር ወርደው ሁለቱን ጎኖች ወደ ላይ በሚያዩ ስድስት እጥፋቶች 45 ሴንቲሜትር እስኪሆኑ ያሳጥሯቸው፤ ፊት ላይ አግድም ማዕበል ይፈጠራል። የኋላው 1 ሜትር ጨርቅ ወገብ ላይ ተሸብሽቦ፣ ከውስጥ በሁለት ጥብጣብ ሽቅብ ይሳባል። ወለል ላይ ተቀምጠው አይሞክሩት፤ ለባሿ ቆማ ወይም ሁሉም ነገር ወንበር ላይ ተሰቅሎ በስፒል ይያዝ።

የላይኛው ክፍል ከሁሉ ይከብዳል፤ በአቡጀዲ ሳይሞከር ውድ ጨርቅ አይቆረጥ። ለስቲምፓንክ ግን አቋራጭ አለ፦ አንገቱ የቆመ ነጭ ሸሚዝ እና ወገብ ላይ የጠበቀ ሰደርያ ከዚህ ጉርድ ጋር በሚገባ ይሄዳል።

ስቲምፓንክ ሲሆን

ስቲምፓንክ የሚለው ስም የመጣው በ1987 ነው፤ ሐሳቡ የእንፋሎት ዘመን ቴክኖሎጂ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ የሚል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለባሿ ምን እንደምትሠራ ይወስኑ፤ ሰዓት ጠጋኝ፣ ካርታ ሠሪ፣ ቴሌግራፍ አስተላላፊ። ሥራው ከታወቀ መሣሪያው ራሱ ይመጣል። የትም የተለጠፈ ማርሽ ምንም ነገር ስለማያሽከረክር ልብሱን ያረክሰዋል። ከጅቡቲ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራ የተጀመረው በ1897፣ ቪክቶሪያ ገና በዙፋን ሳለች ስለሆነ፣ ለባቡር ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ ከከፋይ የተሰፋ ካባ መደረብ ከዘመኑ ጋር ይስማማል።

ቡናማ ብቻ አይልበሱ። በ1856 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን በ18 ዓመቱ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ካገኘ ወዲህ የዘመኑ ጨርቅ ደማቅ ነበር። ሐምራዊ ወይም ጥልቅ አረንጓዴ ከናስ ጋር ሲሆን ከቡናማ ይልቅ ናሱን ያወጣዋል።

ከባድ ናስ በቀጭን ጨርቅ ላይ ከተሰፋ ይቀደዳል፤ ከኋላው ቆዳ ወይም ወፍራም ሸራ አድርገው ይስፉ። የሙቅ ሙጫ ቆዳ ላይ አይጸናም። ፕላስቲክ ናስ እንዲመስል በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ጥቁር ቀብተው፣ ከደረቀ በኋላ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ የናስ ቀለም ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ይንኩ። ጥቁሩ ጎድጓዳው ውስጥ ሲቀር ያረጀ ብረት ይመስላል። ቆዳ ላይ ስፒል አይሰኩ፣ ቀዳዳው አይጠፋም፤ በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይያዙት።

ሲለበስ ጫማው ከኮርሴቱ ይቅደም፤ ኮርሴቱ ከታሰረ በኋላ ማጎንበስ ከባድ ነው። ከዚያ ባስል፣ የውስጥ ጉርድ፣ ጉርድ፣ መደረቢያ። ሲቀመጡ ባስሉን በእጅ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ በቀጥታ ከተቀመጡበት ፕላስቲኩ ይቀጠፋል። ጉርዱን ሲያስቀምጡ ከወገብ ቀበቶው ውስጥ በተሰፉ አራት የጥብጣብ ቀለበቶች ይስቀሉት፤ በሁለት ብቻ ከተሰቀለ ኋላው ከብዶ ወገቡን ያጣምመዋል።