የሲዲ4 ቁጥሩ ባዶ ሲሆን

በኤችአይቪ ክሊኒክ መዝገብ ጥናት ለሚሠሩ ተማሪዎቼ ሁሌም አጥብቄ የምነግራቸው አለ፤ በሲዲ4 (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ላይ ባዶ ቦታ ስታዩ ታካሚውን ከዳታው ለመሰረዝ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የላብራቶሪውን መዝገብ ክፈቱ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? ወይስ ታካሚው በጣም ታሞ ደም ሳይሰጥ ቀረ? ሁለተኛው ከሆነ የምትሰርዙት የባሰባቸውን ነው፤ ውጤታችሁ ከእውነቱ በላይ ያምራል።

በአማካይ መሙላትም አይሆንም። በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያጠብባል።

እኔ የምመርጠው የስታቲስቲክስ ሊቁን የዶናልድ ሩቢንን ዘዴ ነው፤ ባዶውን ደጋግሞ በተለያየ ግምት መሙላት። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ «ማይስ» (mice) የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የበሽታው ደረጃ ወደ ግምቱ ይግቡ። የሕክምናው ውጤትም ይግባ፤ ብዙዎች ይተዉታል፣ እባካችሁ እናንተ አትተዉት። 30 በመቶ ከጎደለ ቢያንስ 30 የተሞሉ ቅጂዎች አውጡ። ለየብቻ ተንትኑና ውጤቶቹን በሩቢን ቀመር ወደ አንድ አዋህዱ። ደም ያልሰጡት ከግምታችሁ በላይ ታመው ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚያ የተገመተውን ሲዲ4 ዝቅ አድርጋችሁ ትንተናውን ድገሙት። መደምደሚያው ከተቀየረ በግልጽ ጻፉት።