ካምፐር (መኝታ ያለው ተጎታች) እየጎተታችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ
ዴንቨር ያላችሁ፣ በአይ-70 የአይዘንሃወር ተነልን አልፋችሁ ወደ ሲልቨርቶርን ስትወርዱ ቁልቁለቱ 7 ፐርሰንት ነው፣ ካምፐሯ ትንሽ ብትሆንም ፒካፑን ከኋላ ትገፋዋለች። ብዙ ሰው እስከ ታች እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ነው የሚወርደው፣ ከዛ የተቃጠለ ነገር መሽተት ይጀምራል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀድማችሁ ቶው/ሆል (Tow/Haul) የምትለዋን፣ ዕቃ ሲጎተት የምትበራዋን በተን ተጫኑና አንድ ሁለት ማርሽ አውርዱ፣ ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጡ፣ የሚይዛችሁ እሱ ነው፣ የሞተሩ ዙር ቆጣሪ (አርፒኤም) ቀዩ ጋ አይድረስ እንጂ። ፍጥነት ሲጨምር ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ማይል ያህል ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። በመሃል ንፋስ ያገኛል፣ ዝም ብሎ ከተያዘ ግን ይግልና ፔዳሉ እየላላ ይገባል። በረዶ ካለ ማርሽ በድንገት አታውርዱ፣ የኋላ ጎማ ያንሸራትታል።