የሶፍትዌር ፕሮጀክት ስጋቶችን ከሥራው በፊት መመዝገብና መቆጣጠር

ሐዋሳ ውስጥ ላለ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌር ለመሥራት የተዋዋለ ቡድን ኮድ መጻፍ ሳይጀምር የስጋት መዝገብ ሊከፍት ይገባል። በመዝገቡ ላይ «የኢንተርኔት ችግር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምክንያቱ፣ ሊደርስ የሚችለው ነገርና የሚያስከትለው ጉዳት ተያይዘው መጻፍ አለባቸው፦ «ሆቴሉ ያለው የኢንተርኔት መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥ እንግዳ ተቀባዩ የተያዙትን ክፍሎች ማየት አይችልም፤ አንዱን ክፍልም ለሁለት ሰው ሊሰጥ ይችላል።» እንዲህ ሲጻፍ መፍትሔውም አብሮ ይታያል፤ ምዝገባው በሆቴሉ ኮምፒውተር ላይ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ ከዋናው የመረጃ ማከማቻ (ዳታቤዝ) ጋር ይናበባል።

ለእያንዳንዱ ስጋት የመድረስ ዕድሉንና የጉዳቱን ክብደት ከ1 እስከ 5 መዝኖ ማባዛት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሉ 1 ጉዳቱ 5 የሆነውም፣ ዕድሉ 5 ጉዳቱ 1 የሆነውም ውጤታቸው 5 ስለሆነ በብዜቱ ብቻ መወሰን ያሳስታል። የመረጃ ጠቅላላ መጥፋት ዕድሉ ቢያንስም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል፤ መጠባበቂያ ቅጂው ከሆቴሉ ውጭ ይቀመጥ፣ ከእሱ መልሶ መጫን እንደሚቻልም በተግባር ይሞከር።

በእኔ እምነት ብዙ ቡድኖች አቅልለው የሚያዩት የቀን ጉዳይ ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ዝግጁ የቀን ላይብረሪዎች (ቀንን የሚያሰሉ፣ ቀድመው የተጻፉ የኮድ ስብስቦች) የተሠሩት ለ12 ወር አቆጣጠር ሲሆን፣ የእኛ ጳጉሜን ግን 5፣ አንዳንዴም 6 ቀን ያላት 13ኛ ወር ናት። እንግዳው «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ 8፡00 ብሎ፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ሲል ደግሞ 20፡00 ብሎ መረዳት አለበት። የሲዳማ አዲስ ዓመት የሆነውን የፊቼ ጨምበላላን ዕለት ደግሞ አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ ባህላዊ የኮከብ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት፣ የበዓሉን ቀን በኮድ ውስጥ ቋሚ አድርጎ መጻፍ አይቻልም፤ የሆቴሉ ሠራተኛ ራሱ የሚያስገባው መሆን አለበት። ሶፍትዌሩን ሥራ ላይ ማዋልም እንግዳ ከሚበዛበት ከዚህ በዓልና ከታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ሰሞን መራቅ ይኖርበታል።

አሜሪካዊው የሶፍትዌር ምህንድስና ሊቅ ባሪ ቦህም እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው፣ ሥራውን በተደጋጋሚ ዙሮች የሚያስኬደው ስፓይራል ሞዴል ከፍተኛ ስጋት ያለበትን ክፍል አስቀድሞ መፈተንን ይመክራል። በዚህ መሠረት የእኛን ቀንና ሰዓት ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምበት አቆጣጠር የሚቀይረው ክፍል ከመግቢያ ገጹ ውበት በፊት ተሠርቶ ይፈተሽ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ስጋት አንድ ኃላፊና አንድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይኑረው፤ መዝገቡም በየሳምንቱ ይከለስ። የሰርቨሩን (ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ዋና ኮምፒውተር) የይለፍ ቃል አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ይህም ስጋት ተብሎ ይመዝገብ። ደንበኛው በሥራው መሐል የሚያመጣው አዲስ ጥያቄም የሚጠይቀው ጊዜና ክፍያ በጽሑፍ ተገልጾ፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይፈርሙበት ወደ ሥራ አይግባ።