የክረምት ደመወዝ ለቀረባችሁ የግል ትምህርት ቤት መምህራን

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ በግል አካዳሚ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ፣ ሰኔ ሲያልቅ «ለመስከረም እንነጋገራለን» ተብላችሁ ከተሸኛችሁ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ግን 3 ወር ብቻ! ባለቤቱ ነገ ዛሬ የሚላችሁ ይህችኑ ጊዜ ሊያሳልፍባችሁ ይሆናል። ለእሱ ደብዳቤ ማስገባት ብቻውን ጊዜውን አያቆመውም፤ ክስ መመሥረት ወይም እሱ ራሱ ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ግን ያቆመዋል። ስለዚህ በስልክ ሳይሆን በቴሌግራም ጠይቁት፣ መልሱን ጽፎ ይላክ።

የጽሑፍ ውል ባይኖራችሁም መብታችሁ አይቀርም። የባንክ ስቴትመንት፣ ስማችሁ ያለበት የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም፣ የፈረማችሁበት ሮስተር ማስረጃ ነው። ከመምህራኑ ግሩፕ ሳያስወጧችሁ ስክሪንሾት አንሱ፤ መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነው።